ስምንት ዓመት የዘገየው የምሥራች

ሚስቴ ፋጤ ይህን ነገር ለሰው እንዳልናገር አስጠንቅቃኛለች። ለክብሬ አስባ እንዳይመስላችሁ። እሷ ከእኔ አሳምራ ስለምታወራው ወሬዋን እንዳላበላሽባት ብላ ነው። አሁን ጎረቤት ሄዳለችና እስክትመለስ ላጫውታችሁ።

ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቤት ስላችሁ ኮንቴይነር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው ዳቦ ያበስላል። መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ማመልከቻ እተይባለሁ። ያለኝ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ደንበኛ በፍላሽ እያመጣ የሚያራግፍብኝ ቫይረስ መከራውን ሲያበላው አንድ ወዳጄ መጣና ዊንዶውሱን አውጥቶ ሊኑክስ ጫነልኝ። እውነትም ከቫይረስ ተገላገልኩ። ከደንበኛም በመጠኑ ተገላገልኩ፤ አንዳንዱ ይዞት የመጣው ጽሑፍ እኔ ጋ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ይሆንና «ጽሑፌን ምን አደረግከው?» ብሎ ይጣላኛል። ቢሆንም በከሚሴ ሊኑክስ ያለኝ እኔ ብቻ እየመሰለኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ታናሽ ወንድሜ ኢድሪስ ጨፋ ሮቢት ያስተምራል። እዚያው ጤና ጣቢያ የምትሠራ ዘምዘም የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። ችግሩ አባቷ ናቸው። አባ ሰይድ የሰንበቴ የከብት ነጋዴ ሲሆኑ፣ ገበያው የሚያውቃቸው «እምቢ» በማለት ነው። ዋጋ ሲነግሯቸው እምቢ፣ ሲጨምሩላቸው እምቢ፣ ሻይ እንኳ ልጋብዝዎ ሲባሉ መጀመሪያ እምቢ ነው የሚሉት። ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ብለው ዘምዘምን ሊጠይቁ የሄዱ ሽማግሌዎች ውኃ ሳይቀምሱ ተመልሰዋል እየተባለ ይወራል። ኢድሪስ ይህን ከሰማ ጀምሮ ምግብ አልበላው ብሎ ከስቶ ቀበቶው ላይ በሚስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቷል። «አያ፣ እሷን ካጣሁ አበቃልኝ» ይለኛል። አያ የሚለኝ ታላቁ ስለሆንኩ ነው እንጂ ብልህ ስለሆንኩ አይደለም፤ ትንሽ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት አርብ ከጁምዓ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። አለቃቸው ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነገር ሲከርበት በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው። ለእኔ የቀረልኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፦ አባ ሰይድ እሺ ካሉ ለዘመድ የምሥራቹን ማድረስ።

ቀላል ሥራ ይመስላል አይደል? የእኔን ዘመድ ስለማታውቁት ነው። የእኔ ዘመድ ደስታህን ሰምቶ ደስ ከማለቱ በፊት «ለማን ቀድመህ ነገርክ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛዋ ልጄ ስትወለድ ባቲ ያለችው አክስቴ የሰማችው ከአንድ የጨው ነጋዴ ነበር። «የወንድሜን ልጅ ልጅ ከጨው ነጋዴ አፍ ልስማ?» ብላ አንድ ዓመት ሙሉ ስልኬን አላነሳችም። ስለዚህ ዘንድሮ ዘመድ ሁሉ በአንድ ቅጽበት መስማት አለበት አልኩ። አንዱ ካንዱ መቅደም የለበትም።

በዚህ ጊዜ ነው አንድ ቪዲዮ ያየሁት። ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚገኝ የአውቶሜሽን ፕሮግራም ነው። ይህ ሲሆን ያን አድርግ፣ ይህ ሰዓት ሲደርስ ያን ላክ ብለህ አንድ ጊዜ ታዘዋለህ፤ ከዚያ አንተ ሻይህን ትጠጣለህ፣ እሱ ይሠራል። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ «በአሥር ደቂቃ ይጫናል» አለ። ወላሂ ያ ሰውዬ ከሚሴ መጥቶ ባየው እወድ ነበር። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ።

በመጀመሪያው ቀን ትእዛዙን ስጽፍ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ብጽፍ ምንም ነገር አይታይም። ደግሜ ብጽፍ ምንም። ኪቦርዱ ሞቷል አልኩና ሄጄ ሌላ ኪቦርድ ገዛሁ። አዲሱም አይጽፍም! ሦስተኛ ልገዛ ጫማዬን ሳጠልቅ ፋጤ ምሳ ይዛልኝ መጣች። «ጽፈህ ስታበቃ ያቺን ትልቋን ቁልፍ ተጭነሃታል?» አለችኝ። አልተጫንኳትም። ለካስ ሊኑክስ የይለፍ ቃል ሲጻፍ ሰው እንዳያይበት ብሎ ጭራሽ አያሳይም። እንዲህ ያለ ምስጢረኛ አላየሁም።

በሁለተኛው ቀን «ፈቃድ የለህም» አለኝ። በገዛ ኮንቴይነሬ፣ በገዛ ኮምፒውተሬ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ፈቃድ የለህም! በዕድሜዬ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ፤ እንዲህ ፊት ለፊት የነገረኝ የለም፤ ነገ ተመለስ ነው የሚሉት። በኋላ ትእዛዙን በባለቤትነት የምታስፈጽም አንዲት ቃል ከፊት እንደምትጨመር ተማርኩ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር በዚያች ቃል ሆነ።

በሦስተኛው ቀን መመሪያው «ኮንቴይነር ውስጥ አስቀምጠው» አለኝ። እኔ ደግሞ ዙሪያዬን አየሁ፤ ኮንቴይነር ውስጥ ነን፣ ሌላ ምን አድርግ ነው የሚለኝ? ፕሮግራሙ ለብቻው የሚቀመጥበት የራሱ ዕቃ እንደሆነ እስኪገባኝ አራተኛው ቀን መጣ። ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት ቀናት የመብራት ነበሩ። ማውረዱ ዘጠና ምናምን ይደርሳል፣ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ድርግም! እንደገና ከዜሮ። በዚህ መሐል አንዲት ከጨፋ የመጡ እናት መታወቂያቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ማል ታቴ፣ ምን ሆነ ልጄ? ታሟል እንዴ?» አሉኝ ኮምፒውተሩን እያዩ።

«አልታመመም እማማ፤ እየተጫነ ነው።»

«ኧረ ቀንስለት! ግመልም ሲበዛበት ይንበረከካል» ብለው መታወቂያቸውን ይዘው ወደሌላ ኮፒ ቤት ሄዱ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ ነበር፣ ገጹ ተከፈተ። አልሀምዱሊላህ ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ። አሮጌ ስልኬን በገመድ አገናኘሁት፤ መልእክቱ በሱ በኩል ባጭር ጽሑፍ እንዲሄድ፣ ባቲ ያለችው አክስቴ የምትይዘው ባለቁልፍ ስልክ ነውና። ከስልኬ ውስጥ ያለውን የሰው ቁጥር በሙሉ ገለበጥኩለት። ማን ዘመድ ነው፣ ማን አይደለም ብዬ ልለይ ነበር፤ በኋላ አንዱን ረስቼ እንዳልኮነን ፈርቼ ሁሉንም ተውኩት። ከዚያ ጻፍኩ፦ «አልሀምዱሊላህ! አባ ሰይድ ልጃቸውን ዘምዘምን ለወንድማችን ለኢድሪስ ሰጥተውናል። ዱአ አድርጉልን።»

አርብ፣ አሥር ሰዓት ላይ ይላክ። የሰዓቱን ነገር ደግሞ አውቃለሁ፤ የኛ የቀኑ አሥር ሰዓት ለማሽኑ አሥራ ስድስት ነው። ስድስት ጨመርኩ። ኩራቴን ብታዩ! ቀኑንና ወሩንም ስልኬ ላይ አይቼ በፈረንጅ አቆጣጠር አደረግኩት። ዓመቱ ላይ ስደርስ ግን እጄ በየቀኑ ማመልከቻ ላይ የሚጽፈውን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደውን ጻፈ። የእኛን ዓመተ ምሕረት።

እሁድ ጠዋት ፋጤን ጠርቼ በፊቷ «ጀምር» የምትለዋን ተጫንኩ። እኔ አርብን እየጠበቅኩ ነው። ማሽኑ ግን ያየው ከስምንት ዓመት በፊት ያለፈ ቀን ነው። ምን ያድርግ? ስምንት ዓመት አረፈድኩ ብሎ ደንግጦ በዚያችው ቅጽበት መላክ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት ብቅ፣ ብቅ፣ ብቅ ይላል። «አየሽው? እየተዘጋጀ ነው» አልኳት ለፋጤ። ዘጠኝ ቀን ሲሄድ ሲመጣ የከረመው መብራት እንኳ የዚያን ቀን ፍንክች አላለም።

ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናት፣ ከባቲ። ጆሮዬ ላይ እልልታዋን ለቀቀችው።

«የኔ ልጅ! ይኸው ዛሬ ከሰው አልሰማሁ! ከራስህ ሰማሁ! ይቅር ብዬሃለሁ፣ ሁሉንም ይቅር ብዬሃለሁ!»

«አክስቴ… ምኑን ነው የሰማሽው?»

«የኢድሪስን ነዋ! ሰጡን አይደል?»

ስልኩን ወርውሬ የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩ። መዝገቡን በኋላ ሳየው በፊደል ተራ ሲልክ ቆይቶ «አ» ላይ ነው ያስቆምኩት። ከ«ሀ» እስከ «አ» ያለ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ወዲያው ኢድሪስ ደወለ።

«አያ! ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል። ሽማግሌዎቹ ሄዱ እንዴ? ሰጡን እንዴ?» ድምፁ ውስጥ ያለውን ተስፋ ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«አብሽር፣ አይዞህ ኢድሪስ። ማሽኑ ትንሽ ቸኩሎ ነው። ደግነቱ አባ ሰይድ አልደረሳቸውም። እኔ ቁጥራቸውን ከየት አምጥቼ?»

ፋጤ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። ስልኩን ስዘጋ «ለአረፋ የገዛኸው በሬ ከማን ነበር?» አለችኝ።

በሬውን ያመጣልኝ ደላላው ነው። ዋጋውን ግን ከባለቤቱ ጋር በስልክ ነበር የተነጋገርነው፣ የሰንበቴ ሰው ነው፣ ሰይድ ይባላል… ስልኬን ከፈትኩ። «ሰይድ በሬ» ይላል። በሬውን መዝግቤ ሰውየውን ረስቻለሁ። «ሰ» ደግሞ ከ«አ» በፊት ነው።

«ሱብሃነላህ» አለች ፋጤ፤ ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሊያስቅ የሚችል ነገር አልነበረም። ሽማግሌ ሳይላክ ሰጡን ብሎ ማስወራት ማለት፣ በኛ አገር ሰውየውን በልጃቸው መናቅ ነው። እንደ አባ ሰይድ ያለ ሰው ለዚህ ነገር የሚመልሰው አንድ ቃል ነው፤ እሱንም ሲናገሩት የኖሩት ነው። የወንድሜን ትዳር በገዛ እጄ ገደልኩት።

ጋሽ ታደሰ ቤት ሮጥኩ። ነገሩን ሰምተው ዱላቸውን አነሱ፤ ለእኔ መስሎኝ ሸሸሁ፣ ለመንገድ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ «ይህን ያህል ዘመን ሳሸመግል፣ ሳልሄድ እሺ አስባልኩ ተብሎ ሲወራብኝ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። ጨፋ ሮቢት ላይ ኢድሪስን ጫንነው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረብኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰንበቴ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። ግመሉ ይጮኻል፣ ፍየሉ በሰው እግር መሐል ይገባል፣ ከአፋር የመጡት ነጋዴዎችና የደጋ ሰዎች ተደባልቀው ይከራከራሉ። አባ ሰይድ አንድ የጭነት መኪና ጥላ ሥር ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ስልካቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። መነጽር የላቸውም፤ አንድ ሰው እንዳነበበላቸው ፊታቸው ይናገራል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አባ ሰይድ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። አካም ጂርቱ? ነጋ?»

ሰላምታ አይዘለል ነገር። ቤተሰብ እንዴት ነው ተባለ፣ ደህና ነው አልን። ከብቱስ? ደህና። የከሚሴ ሙቀትስ? አለ። ጎረቤትስ፣ ልጆችስ? ሁሉ ደህና። ሲያልቅ አባ ሰይድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በሉ አሁን ንገሩኝ። ልጄን የሰጠው ማነው?»

ነገርኳቸው። ማሽኑን፣ አርብን፣ ዓመቱን፣ በሬውን ሳይቀር። ምንም አልደበቅኩም።

«ስለዚህ ያ ማሽንህ ልጄን የሰጠሁት ከስምንት ዓመት በፊት መስሎታል» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

ኢድሪስን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ያኔ ይሄ ፂም ነበረው?»

«አልነበረኝም» አለ ኢድሪስ ወደ መሬት እያየ።

«የናንተን ተዉትና የኔን ስሙ» አሉ ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረው። «ዛሬ በማለዳ አንድ ጥሩ በሬ ሸጥኩ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ መጣና እጄን ይዞ አላህ በረካ ያድርገው አለኝ። አሚን አልኩት፣ ለበሬው መስሎኝ። ሌላው መጣ፣ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። አሚን። ከባቲ የመጣው የፍየል ነጋዴ አቀፈኝ። አሚን። ጋሽ ታደሰ፣ የሚመርቅዎትን ሰው ቆይ ለምኑ ነው ብለው ያስቆሙታል?»

«እንዴት ተደርጎ!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«በኋላ የገበያው ሽማግሌዎች ተሰብስበው እዚህ ቁጭ አሉና እጃቸውን ለዱአ አነሱ። እኔም አነሳሁ። ለአንድ በሬ ይሄ ሁሉ ዱአ? ብዬ ትንሽ ገርሞኛል፤ ቢሆንም ዱአ ነው፣ ማን ይጠላል? አሚን፣ አሚን እያልኩ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። ወልደው ይሳሙ ሲሉ ነው የጠረጠርኩት። የሸጥኩት በሬ ነው እኮ!»

ልስቅ ነበር፤ የጋሽ ታደሰ ዱላ እግሬን ነካኝ።

አባ ሰይድ ወደ እኔ ዞሩ። አሁን ፊታቸው ላይ ቀልድ የለም። «ያ ማሽንህ የወጣ አሚን ይመልሳል?»

«አይመልስም፣ አባ።»

«እኔም አላውቅበትም» አሉ። ቀና ብለው ገበያውን አዩት። «ግን አሚን ያልኩት እኔ ነኝ። የሚያገባው እኔ አይደለሁም።» ስልካቸውን አንስተው ለአጠገባቸው ሰው ሰጡና «ዘምዘምን ጥራልኝ፣ ድምፁንም ክፈተው» አሉ። ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳቸዋል። ኢድሪስ ቀበቶውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አባ?» አለች ዘምዘም።

«ልጄ፣ ዛሬ ሰው እንኳን ደስ ያለሽ ብሎሻል?»

«ብሎኛል፣ አባ።» ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነው። «ከጠዋት ጀምሮ።»

«ምን አልሽ?»

«አሚን አልኩ።»

«ለምኑ መስሎሽ?»

መኪናው ጥላ ሥር ያለነው ሁሉ ወደ ስልኩ ጎንበስ አልን።

«አውቄ ነው፣ አባ» አለች።

ወላሂ አንጀቴን በላችው። ኢድሪስን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። አባ ሰይድ ስልኩን ራሳቸው ተቀብለው ብዙ ጊዜ ያዙት፤ እስክትዘጋው የጠበቁ ይመስለኛል፤ እሷም አልዘጋችም።

«እኔ ሳላውቅ፣ አንቺ አውቀሽ» አሏት በመጨረሻ። «በይ ሥራሽን ሥሪ።»

ከዚያ ወደ ጋሽ ታደሰ ዞሩ። «አርብ ኑ። በወጉ ኑ፣ ደጄ ላይ ቆማችሁ ጠይቁኝ። እኔም በወጌ እምቢ እላችኋለሁ። ሁለት ጊዜ ነው እምቢ የምለው፤ ይሄን ልጅ ንገሩት፣ እንዳይወድቅብኝ።»

አርብ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። አባ ሰይድ እምቢ አሉ። ሁለተኛም እምቢ አሉ። ጋሽ ታደሰ እንደነገሩኝ፣ በሁለተኛው እምቢና በእሺው መሐል በጣም ስለቆዩ እሳቸው ራሳቸው ላብ በላብ ሆነው ነበር። ኢድሪስ ውጭ ሆኖ ሲጠብቅ ቀበቶው ላይ ሦስተኛ ቀዳዳ ሳያስፈልገው አልቀረም። ከዚያ ገብተው ምሳ በሉ።

እኔ የዚያን ቀን ማሽኑን አልነካሁትም። ከ«ከ» እስከ «ፐ» ያሉትን ዘመዶቼን አንድ በአንድ ደወልኩላቸው፤ ሁሉም ከእሁድ ጀምሮ ሰምተው አኩርፈዋል። ይባስ ብሎ የፋጤ እናት ስማቸው ዘይነብ ነው፤ «ዘ» ደግሞ ከ«አ» በኋላ ነው። እስካሁን በልጃቸው በኩል ነው የምንነጋገረው። ባቲ ያለችው አክስቴ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ትደውልልኛለች፤ መጀመሪያ የሰማች እሷ እንደሆነች ባቲ ውስጥ የማያውቅ የለም።

የበሩ መቀርቀሪያ ተንቋቋ፣ ፋጤ መጣች መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርላችሁ። ስልኬ ላይ «ሰይድ በሬ» የሚለውን አጥፍቼ «አባ ሰይድ» ብዬ ጻፍኩት፤ የወንድሜ አማት ናቸውና። ዘምዘም በኋላ እንደነገረችኝ፣ እሳቸውም በዚያው ሰሞን የእኔን ቁጥር በእሷ አስመዝግበዋል። «ማን ብዬ ልጻፈው፣ አባ?» ብትላቸው «ስምንት ዓመት ብለሽ ጻፊው፣ አውቀዋለሁ» አሏት።